እንግዳችንን የነከሳት ውሻ

አባቴ አንዲት የሰው አገር ልጅ ክረምቱን እኛ ቤት ልታሳልፍ መሆኑን ሲነግረን እናቴ የያዘችውን ጭልፋ አስቀምጣ አየችው። የምንኖረው ሱሉልታ ነበር፤ አባቴ እዚያው ትምህርት ቤት ያስተምራል። አዲስ አበባ ውስጥ የተለያየ አገር ወጣቶችን በየቤተሰቡ እያስገባ አብረው እንዲኖሩና እንዲማማሩ የሚያደርግ አንድ ማኅበር ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት እኔን ወደ ባሕር ማዶ ሊልከኝ መርጦኝ ነበር። እስከዚያ እኛም በተራችን ከዚያ የምትመጣ ልጅ እንድንቀበል ጠየቀን። አባቴ እንደ ልጁ ሊጠብቃት ፈርሞ መጣ።

«ብትታመምስ?» አለች እናቴ።

«ለምን ትታመማለች?»

«የሰው ልጅ ናት እኮ። አንድ ነገር ብትሆን እናቷን ምን ልትላት ነው?»

አባቴ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ።

ልጅቷ ሐምሌ ሲገባ መጣች። ዕድሜዋ ከእኔ እኩል ነው፤ ቁመቷ ግን በራችንን ጎንበስ ሳትል አያስገባትም። አማርኛ አታውቅም፤ እኔ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ አስተረጉምላት ነበር። ልጅቷ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ እናቴ ዕረፍት አጣች። ውኃውን አፍልታ፣ ወተቱን አፍልታና አቀዝቅዛ፣ መጀመሪያ ራሷ ቀምሳ ነው የምትሰጣት። ልጅቷ ጓሮ ወጥታ ትንሽ ከቆየች «ሂጂ እያት፣ ጭቃው አዳልጧት ይሆናል» ብላ ትልከኛለች። እኔ አፍራለሁ፤ ልጅቷ ትስቃለች።

ከእኛ ቀጥሎ ከብት የሚያረቡና የድርቆሽ ሣር ለከተማ የሚሸጡ ሽማግሌ ገበሬ ይኖሩ ነበር። ስማቸውን ሳንጨምር በኦሮምኛ ኦቦ፣ አቶ እንደማለት፣ ብቻ ነበር የምንላቸው። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት እኔ ባስተማርኳት መሠረት «አካም ቡልታኒ?» ብላ እንዴት እንዳደሩ ስትጠይቃቸው ደስ ብሏቸው «ናጋ! ናጋ!»፣ ደህና ደህና፣ እያሉ ከብቶቻቸውን ይነዳሉ። ቡናማ ውሻቸው ከእኛ ደጅ አይጠፋም ነበር። ልጅቷም ለምዳዋለች፤ አንገቱን ታክክለታለች።

ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ብቅ ባለችበት አንድ ጠዋት እናቴ፣ ልጅቷና እኔ ልብስ ልናጥብ ከቤታችን በታች ወዳለው ወንዝ ወረድን። ልጅቷ የአንሶላውን አንድ ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን እየጨመቅን ነበር። ውሻው በመስኩ በኩል ሲመጣ አየሁት። አልጮኸም። ራሱን ወደ መሬት ደፍቶ ወደ አንድ ጎን እያዘመመ ይሄዳል፤ ከአፉ ለሐጭ ይንጠባጠባል። ልጅቷ እንደ ወትሮው ጠራችው። ቀና ብሎ አየን፤ ያ የምናውቀው ውሻ አስተያየት አልነበረም።

«ተይው!» አለች እናቴ ከወንዙ ውስጥ።

እኔ ቃሉን ሳልተረጉምላት ውሻው ባቷን ነከሳት። ልጅቷ ጮኸች። እናቴ ውኃውን እየረጨች ወጥታ ያንን የሚያህል አውሬ አንገቱን ይዛ ከልጅቷ እግር አላቀቀችው። ያልተጨመቀ ብርድ ልብስ ደረበችበትና በድንጋይ መታችው። ከብርድ ልብሱ ሥር ሾልኮ ወጣ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ እያዘገመ ወደ ረግረጉ ሄደ። እኔ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

እናቴ ልጅቷን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ቁስሉን በልብስ ሳሙና ደጋግማ አጠበችው። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ እናቴ ደግሞ «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ» ትላታለች።

ጩኸቱን ሰምተው ኦቦ በሩጫ መጡ። ነገሩን ስነግራቸው ዱላቸው ላይ ተደገፉ።

«ያ ዋቃ!» ብለው ፈጣሪን ጠሩ። «ከትናንት ጀምሮ አልበላም። ጥጃዬንም ነክሶብኛል። ታሞ መስሎኝ ነበር እንጂ ይኼ እንኳ አልመሰለኝም።»

«ምንድን ነው ያልመሰለዎት?» አለች እናቴ።

ኦቦ ልጅቷን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ልጅቷ ቋንቋውን እንደማትሰማ ረስተውት ነበር። «አብዷል። የአጎቴ ልጅ በዚህ ነው የሞተው። ውኃ ሲያመጡለት ይጮህ ነበር። ጠምቶት፣ ውኃውን ግን ሲያይ ይጮህ ነበር።»

«ምን አሉ?» አለችኝ ልጅቷ። አባቴን ልጠራ ሮጥኩ። 

አባቴ ተጠርቶ መጣ። እናቴ ጠበል ይሻላል አለች፤ ኦቦ በሙሎ በኩል ለእብድ ውሻ ሥር የሚቀምም ሰው አለ አሉ። አባቴ ሁለቱንም አልሰማም። መንገድ ላይ ወጥቶ ድርቆሽ የጫነ መኪና አስቆመና ልጅቷን ከሾፌሩ ጎን፣ እኔን ከሣሩ ላይ አድርጎ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይዞን ወረደ።

ሐኪሙ ቁስሉን አይተው መርፌው በየቀኑ፣ ለብዙ ቀናት፣ ሆዷ ላይ እንደሚወጋ ነገሩን። «አንድ ቀን እንኳ መዝለል የለም» አሉ። «ውሻውን ደግሞ ፈልጉ። በሕይወት ካለ እሰሩት። ሞቶ ካገኛችሁት ጭንቅላቱን አምጡልኝ፤ እንመረምረዋለን።»

«በሽታው ከጀመራትስ?» አለ አባቴ።

ሐኪሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ከጀመረ በኋላ መድኃኒት የለውም።»

ይህን አልተረጎምኩላትም። ግን ፊታችንን አይታ ሳይገባት አልቀረም፤ ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ይዛ አልለቀቀችኝም።

በማግስቱ ከመርፌው ስንመለስ የማኅበሩ መኪና ጭቃ ለብሶ ደጃችን ቆሞ አገኘነው። ልጅቷን ያመጡልን ወይዘሮ ነበሩ፤ አባቴ ቢሮአቸው ሄዶ ነግሯቸው ኖሯል። ነጭ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ጥፋቱ የናንተ አይደለም» አሉ። «ግን እዚህ ልናቆያት አንችልም። ለወላጆቿ ቴሌግራም ልከናል። ከተማ ወስደን አውሮፕላን እንደተገኘ እንሸኛታለን።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። ለእኔ ጉዞ ያዘነ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሲነግረኝ ያሰበው የልጅቷን አባት ነው። እናቴ ማስታጠቢያውን ይዛ ገባች፤ የመጣ ሰው ሳይበላ አይሄድም። ለወይዘሮዋ ካስታጠበች በኋላ ወደ ልጅቷ መጣች። ልጅቷ እጇን ዘረጋች፤ ወዲያው ግን የእናቴን አንጓ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ውኃው መሬት ላይ ፈሰሰ።

እናቴ ከትናንት ጀምሮ ግራ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ነበር። እኔ አይቼ የማጭድ ቁስል ነው ስትለኝ አምኛት ነበር። ልጅቷ ግን ጨርቁን ፈታችው። ከአውራ ጣቷ ሥር አራት የጥርስ ቀዳዳ፣ ዙሪያው ያበጠ።

«ውሻው እሷንም ነክሷታል» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «ንገሪያቸው። ንገሪያቸው!»

 አባቴ በሕይወቱ እናቴ ላይ ጮኾ አያውቅም፤ ያን ቀን ጮኸ። «ለምን አልነገርሽኝም? ሴትዮ፣ ለምን?»

«መርፌው ለእሷ ብቻ የሚበቃ መስሎኝ ነው» አለች እናቴ። «ከውጭ ለመጣ ሰው የሚሰጥ መስሎኝ። እኔንም ካዩኝ ደግሞ ልጅቷን ወዲያው ይወስዷታል። ማን ይጠብቃታል?»

ይህን ለልጅቷ ተረጎምኩላት። ልጅቷ ተነሥታ የእናቴ ጎን ቆመች። እናቴ መርፌውን ጀምራ እስክትጨርስ እሷ የትም እንደማትሄድ፣ ሁለቱም አብረው እንደሚወጉ ለወይዘሮዋ በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ወይዘሮዋ ቁስሉን ደጋግመው አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው «ተነሡ፣ አሁኑኑ እንሂድ» አሉና እናቴን በማኅበሩ መኪና ይዘዋት ወረዱ።

ሐኪሙም ልጅቷ መርፌውን አቋርጣ መንገድ እንዳትጀምር ከለከሉ። ከወላጆቿ የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ ሐኪሙ ያለውን አድርጉ፣ እባካችሁ በየቀኑ ወሬዋን አሰሙን የሚል። ስለዚህ ልጅቷ እኛው ጋ ቀረች።

በየማለዳው ሦስታችን ከጎጃም የሚመጣ አውቶቡስ ወይም የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን እንጦጦን እንሻገራለን። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ መንገዱ አይታይም። እናቴ ለወንድ ሐኪም ሆዷን ገልጣ ማሳየት ሞት መሰላት፤ አብረን በሄድንበት መጀመሪያ ቀን ቀሚሷን ጨብጣ አልለቅም አለች። ልጅቷ ቀድማ አልጋው ላይ ወጣችና ተወጋች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ እጇን ብቻ ወደ ኋላ ለእናቴ ዘረጋችላት። ከዚያ ቀን በኋላ አንዷ ስትወጋ ሌላዋ እጇን ትይዛለች። የሁለቱም ሆድ ጠቁሮና አብጦ አውቶቡሱ ጉድጓድ በገባ ቁጥር እኩል ያቃስታሉ።

ውሻውን ያገኙት ኦቦ ናቸው። በመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ሞቷል። ጭንቅላቱን በጆንያ ጠቅልለው ከእኛ ጋር አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ ጆንያውን በእግራቸው መሐል አድርገው ማንም እንዳይነካው ዱላቸውን ደግነውበታል። ተሳፋሪው ምን እንደያዙ ሲጠይቃቸው «በሽታ» ብለው መለሱ። ማንም አጠገባቸው አልተቀመጠም።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ እኔን ሳይሆን አባቴን ነበር ያነጋገሩት። ውሻው አብዶ ነበር። እስከዚያ ድረስ በየልባችን «ምናልባት ሌላ በሽታ ይሆናል» እንል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እሱም ቀረ። ጥቂት ቆይቶ የኦቦ ጥጃ ታመመች። ድምፅዋ ጎርንኖ በረቱን እየደበደበች ቀኑን ሙሉ ትጮህ ነበር። ልጅቷ ጆሮዋን በትራስ ሸፍና እናቴ ጎን ተኛች። ጥጃዋን ገድለው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሯት። ኦቦም መጥተው ደጃችን ላይ ቆሙ፤ ግቡ ብንላቸው እንቢ አሉ። ልጅቷ ወጥታ እጃቸውን ስማ ስታስገባቸው አለቀሱ።

እናቴ ጠዋት ጠዋት ለልጅቷ በብርጭቆ ውኃ ትሰጥና ከጉሮሮዋ ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች። ልጅቷ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ በመጨረሻ ነገርኳት። ፊቷ ነጣ። በማግስቱ ግን ውኃዋን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጥታ ብርጭቆውን ሞላችና ለእናቴ ሰጠቻት፤ እሷም በተራዋ የእናቴን ጉሮሮ ትመለከት ጀመር። እኔ ሁለቱንም አያቸው ነበር። አባቴ ይህን ላለማየት ይወጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች። ግንባሯ እንደ እሳት ይፋጃል። እናቴ ውኃ አቀረበችላት። ልጅቷ ቀመሰችው፤ ፊቷ ተጨማደደ፤ ብርጭቆውን በእጇ ገፋችው። መዋጥ አልቻለችም።

እናቴ አልጮኸችም። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጣ አልጋው ላይ ወጣችና ልጅቷን እንደ ሕፃን አቅፋ ማወዛወዝ ጀመረች። እኔ የጤና ጣቢያውን ድሬሰር፣ ረዳት ሐኪሙን፣ ልጠራ በጭቃው ሮጥኩ። የኦቦ አጎት ልጅ በሐሳቤ እየመጣብኝ መንገዱን አላየሁትም። ድሬሰሩም ወሬውን ሰምቶ ስለነበር በራችን ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«አፏን ይክፈቱልኝ፣ ከዚህ ሆኜ አያለሁ» አለ።

«ና ግባ!» አለችው እናቴ። «እኔ አቅፌያት የለም እንዴ?»

ገባ። በባትሪ ጉሮሮዋን አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ባትሪውን አጠፋ።

«ቶንሲል ነው» አለ። «እሜቴ፣ አብጦ መግል ይዟል። ቶንሲል ብቻ ነው።»

ያን ሁሉ ቀን የታፈነው የእናቴ ለቅሶ ያኔ መጣ። ልጅቷ ምን እንደሆነ ሳይገባት በትኩሳት ደክማ የእናቴን ጀርባ መታ መታ ታደርግ ነበር። ሐኪሙም በማግስቱ አይተው ያንኑ አረጋገጡ።

መርፌው አለቀ፤ ክረምቱም አለቀ። ሐኪሙ በሽታው ዘግይቶም ሊመጣ እንደሚችል አልደበቁንም፤ ስለዚህ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሸኛት የተሰናበትናት ተደስተን አልነበረም። እናቴ ለወራት የፖስታ ቀን ሲደርስ ክፉ ወሬ ፈርታ ከቤት አትወጣም ነበር። ልጅቷ ምንም አልሆነችም። በሚቀጥለው ዓመት እኔ አገሯ ስሄድ ራሷ ናት የተቀበለችኝ፤ ባቷ ላይ ጠባሳው አለ። እናቴም ሸምግላ፣ የልጅ ልጅ አይታ ነው ያረፈችው።

እኔ ከመሄዴ በፊት ወይዘሮዋ አንድ ቀን እንደገና መጡ። ከበሩ አላለፉም።

«ዘንድሮም ቤተሰብ ያልተገኘላት አንዲት ልጅ አለች» አሉ። «እናንተን መጠየቅ አይገባኝም ነበር። እንቢ ብትሉ አልቀየምም።»

አባቴ ወደ መሬት አየ። ፍርሃቱ አልለቀቀውም ነበር፤ እናቴንም አልለቀቃት፤ እጆቿን ታሻሻለች።

«መቼ ነው የምትመጣው?» አለች እናቴ።

 በማግስቱ ማለዳ ስነሣ አባቴ ከኦቦ ጋር ሆኖ ውሻ እንዳያልፍ ግቢውን ዙሪያውን በግንድ ሲያጥር አገኘሁት።