አልጋ ላይ ሆኜ የመረጥኳቸው ፊልሞች

እናቴ ወሎ ውስጥ ከላላ ከተማ ስትሞት እኔ እዚያው ወሎ መካነ ሰላም ከተማ ተኝቼ ፊልም እየመረጥኩ ነበር። ይህን ሳልናገር ሌላውን ማውራት ስለማይሆንልኝ አስቀድሜ አልኩት።

ጉበቴን ነበር ያመመኝ። ዓይኔ እንደ እርድ ቢጫ ሲሆን ሐኪሙ አንድ ወር ሙሉ ከአልጋ እንዳልወርድ፣ መኪና ላይም እንዳልወጣ አስጠነቀቀኝ። በዚያው ሰሞን እናቴም ከላላ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት፣ ታማ መተኛቷን ሰማሁ። ሄጄ ላያት አለመቻሌ ሲያንገበግበኝ፣ ቢያንስ በእኔ እንዳትጨነቅ ብዬ ወንድሜን «ለስልጠና አዲስ አበባ ሄዳለች በላት» አልኩት። አስተማሪ ስለሆንኩ ውሸቱ ያስኬዳል። ራሴም በስልክ ደገምኩላት። እሷም ከቤት ውጭ እንዳልበላ መከረችኝ፤ የራሷን ሕመም አላነሳችም። እንደዳንኩ በመጀመሪያው መኪና ሄጄ አያታለሁ እያልኩ ቀን እቆጥር ጀመር።

አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ገበያ በወጣች ቁጥር ፊልም ከሚጭነው ሱቅ ፍላሽ ታስሞላልኛለች። የማዘው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ የታመመ ሰው ያለበት። ጤነኛ ሰው ሲሮጥና ሲጨፍር ማየት ያናድደኛል፤ ከእኔ የባሰ በሽተኛ ማየት ግን ልብ ይሰጣል። በእኛ አገር ፊልም ሰው ሁሉ የሚታመመው ኩላሊቱን ነው፤ ኩላሊቱን የሚሰጠውም ትናንት የተጣላው ፍቅረኛ። የውጮቹ ደግሞ ፀጉራቸው ይረግፋል እንጂ ከንፈራቸው አይደርቅም። ጉበቱን የታመመ ባለታሪክ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። እህቴ በበኩሏ የሚሞቱበትን አታመጣም ነበር። ባለሱቁን መጨረሻውን አስከፍታ፣ በሽተኛው መዳኑን ቆማ አይታ ነው የምታስጭነው። በሽተኛ ያለበት ቤት የሞት ወሬ አይገባም ትለኛለች።

በሁለተኛው ሳምንት እናታችንን ልያት ብላ ከላላ ሄደች። ለሁለት ቀን ያለችው አምስት ቀን ሆነ፤ እስክትመለስ ያስታመሙኝ ጎረቤታችን የሆኑት ሙስሊም ባልቴት ናቸው። ስትመጣ ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ ነበር። መንገዱ ራሴን አሳመመኝ አለች። እናታችን ተሽሏታል፣ የወንድማችን ስልክ ግን ተበላሽቷል አለችኝ። አመንኳት፤ ማመኑ ስለተመቸኝ ብዙም አልጠየቅኳት።

ከዚያ ወዲያ የምታመጣቸው ፊልሞች ተለወጡ። ሁሉም የሚሞቱባቸው ሆኑ። አጠገቤ ቁጭ ትልና ሐኪሙ ገና ውጤቱን ሳይናገር ማልቀስ ትጀምራለች። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት በልጆቿ መሐል ስትሞት ትንፋሿ እስኪቆራረጥ አለቀሰች። እኔ ሳቅሁባት።

«ሴትዮዋ እኮ ይሄኔ ተነስታ ምሳዋን በልታለች» አልኳት።

ዓይኗን ጠርጋ እንድንደግመው ለመነችኝ። ደገምነው። እንደገና አለቀሰች።

በነዚያ ቀናት ጠያቂም በዛልኝ። ጎረቤቶቻችን አፊያሽን ይመልስልሽ ብለው ከመረቁኝ በኋላ ጓዳ እህቴ ዘንድ ይገቡና ይቆያሉ። ለእኔ የሚበላ ለማዘጋጀት እየረዷት ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው እንዲህ ይወደኛል ብዬ በሆዴ ኮራሁ።

ሐኪሙ ድነሻል ባለኝ ማግስት፣ ለከላላ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ባደርኩበት ንጋት፣ በሩ ተንኳኳ። ወንድሜ ነበር። ከኋላው ባልቴቷ፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቆመዋል። በእኛ አገር ሰው ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ለታመመ ሰው መርዶ እንደማይነገርም አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ሞት ደብቄያለሁ። ባልቴቷ እጄን ያዙና «አብሽሪ ልጄ፤ ቻይው» አሉኝ። እህቴ ሻሿን ፈታች። ፀጉሯን ተላጭታለች። እናቴ ከተቀበረች ሃያ ቀን ሆኗት ነበር።

የምቆጣው ሰው አጣሁ። የተደረገው ሁሉ ለእኔ ተብሎ ነው። እህቴ ግን ያን ሁሉ ቀን እናቷን የምታለቅሰው በፊልም ተሸፍና ነበር፤ እኔም በልቅሶዋ ቀለድኩ። እስከ ዛሬ ሲታወሰኝ አንገቴን እደፋለሁ።

ልቅሶ ደራሹ ቀለል ሲል ስለ እናታችን የመጨረሻ ቀን እህቴን ጠየቅኳት። እናታችን በየቀኑ ታነሳኝ ነበር አለች፤ ስልጠና ላይ ናት ይሏታል። እህቴ መታመሜን ልንገራት ብትል ወንድማችን፣ አትንገሯት ብላ አደራ ያለችን እሷው ናት ብሎ ከለከላት። ልታልፍ ስትል ደውለን እንጥራት ወይ ብለው ጠይቀዋት ነበር።

«‹የመንግሥት ሥራ ነው፤ እንዳትጠሩብኝ። ሲያልቅላት ትመጣለች› አለች» አለችኝ እህቴ።

«አልተቀየመችኝም?»

«ኧረ ምን ብላ፣ እታለም። መርቃሽ ነው ያለፈችው።»

ስትናገር ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እናታችን ተሽሏታል ያለችኝ ቀንም አልተንቀጠቀጠም ነበር። ወንድሜን ብጠይቀውም የሚለው ያንኑ ነው፤ መርቃሻለች። እናቴ በእውነት መርቃኝ ይሁን፣ ወይስ ልጄ ሞቴን እያወቀች ቀረች ብላ አዝናብኝ፣ ጠይቄ የማምነው ሰው የለኝም።