ጾም የማይሽረው ክኒን

ልጅ ሳለሁ፣ አዳማ ገና በባቡር ጣቢያው ዙሪያ የተኮለኮለች ትንሽ ከተማ በነበረችበት ጊዜ፣ ተረት የሰማሁት በሆዱ ከተኛ ሰው አፍ ነው። አትሳቁ! አጎቴ ተክሌ የጣቢያው ኩሊ ነበር፤ ቀን የጨውና የቡና ጆንያ ሲሸከም ውሎ ማታ ወገቡ እንደ ደረቀ ጠፍር ግትር ይልበትና አጎዛው ላይ በሆዱ ይዘረጋል። እኔ ደግሞ ሚስቱ እትዬ ጫልቱ ፍም ላይ አሙቃ በጨርቅ የቋጠረችውን ጨው ጀርባው ላይ እያገላበጥኩ እይዝለታለሁ። ያኔ ድምፁ ከአጎዛው ሥር ታፍኖ ስለሚወጣ እኛ ልጆች ጉንጫችንን መሬት ላይ ለጥፈን፣ የግራሩ ጭስ እያስለቀሰን እንሰማው ነበር። ወገቡን ሲቀስፈው «እህህ!» ይላል፤ እኛ አያ ጅቦ ያቃሰተ መስሎን በሳቅ እንፈርሳለን። እሱም «አዎ፣ ጅቦ እንዲህ እያለ...» ብሎ ሕመሙን ተረቱ ውስጥ ይወሽቀዋል።

እትዬ ጫልቱ ያላደረገችለት የለም። ቅባትና አረቄ ከለከለችው፣ የተልባ ውሃና የገብስ አጥሚት አጠጣችው፣ ሶደሬ ፍል ውሃ ወስዳ ዘፈዘፈችው። ሕመሙ ጎደል ሲል ጆንያው መልሶ ያመጣዋል። አለቃው ደግሞ «ጎባጣ ኩሊ ምን ያደርግልኛል?» ማለት ጀምሯል። መጨረሻ ላይ የባቡሩ ፈረንጅ ሐኪም ነጭ ክኒን ሰጠውና በአስተርጓሚ «ሳትበላ እንዳትውጥ» አለው።

«ደግሞ እኔን ብላ ብሎ ማዘዝ!» ብሎ ሳቀ አጎቴ።

ክኒኑስ ጉድ ሠራ! ብዙም ሳይቆይ አጎቴ ተቀምጦ ማውራት ጀመረ። ያኔ ነው በኩራዙ ብርሃን ጅቡ ፊት እንዳለው፣ ጦጣዋም እጅ እንዳላት ያየነው፤ ዓይኑን ሲያጉረጠርጥ፣ ጣቶቹን እንደ ጥፍር ሲቀስርብን፣ ጩኸታችንን የሰማ ጎረቤት «ኧረ ምን ሆናችሁ?» እያለ ይመጣ ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። አጎቴ በጾም ቀልድ አያውቅም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምስ። ክኒኑን እንዳይተው ደግሞ ጆንያው አለ። ነፍስ አባቱ ዘንድ ሄደና እየፈነደቀ ተመለሰ።

«መድኃኒት ጾም አይሽርም ብለውኛል!»

«ምግቡንስ ጠየቅሃቸው?» አለች እትዬ ጫልቱ።

«እሱ ደግሞ ምን ይጠየቃል፣ አንቺ ሴት!»

«ሐኪሙ ሳትበላ አትዋጥ አላለህም? ኛዱ!» አለችው በኦሮምኛዋ፤ ብላ ማለቷ ነው። «ቁራሽ እንኳ!»

«ክኒኗ ራሷ ታጠግበኛለች» ብሎ ቀለደባት።

በየማለዳው ክኒኑን በባዶ ሆዱ በምራቁ እየዋጠ ወደ ጣቢያው ይወርዳል። ሆዱን ማቃጠል ሲጀምረው «ተልባው አልተስማማኝም» ይል ነበር፤ እሷም ምስኪን ተልባውን አስቀረችለት።

አንድ ምሽት ጅብና ጦጣን እያፋጠጠ ሳለ ድንገት አፉን ይዞ ወጣ። ይሄም የተረቱ መስሎን በሩን እያየን ሳቅን። እትዬ ጫልቱ ኩራዙን ይዛ ተከተለችው፤ እሪታዋን ሰማን። ደጃፉ ላይ ያስመለሰው እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ደም ነበር። ፋሲካን አላያትም።

ለቅሶው ላይ ነፍስ አባቱ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ «ብላ እለው ነበር እኮ!» አሉ። «የታመመን ሰው መቼ ከልክዬ አውቃለሁ? እሱን አልጠየቀኝም።»

«ብላ ይሉኛል ብሎ ፈርቶ ነው እኮ፣ አባ» አለች እትዬ ጫልቱ። «ጾሜን ያስፈቱኛል ብሎ።»



ዛሬ እኔም በተራዬ ወገቤን ይዤ የምነሣ ሴት ሆኛለሁ፤ ተረት ስነግራቸው የእህቶቼ ልጆች ከእኔ ሳቅ የተነሣ ጅቡን አይሰሙትም። እትዬ ጫልቱ ያስተማረችኝ ተልባና አጥሚት አይቋረጥብኝም፤ ክኒንም አለኝ። በሁዳዴ ማለዳ፣ ነፍስ አባቴ ፈቅደውልኝ፣ ከክኒኑ በፊት ቁራሽ ዳቦ እበላለሁ። ያኔ ሳቄ ሁሉ የት እንደሚገባ አላውቅም። ቁራሿን እጄ ላይ አድርጌ አያታለሁ፤ ትንሽ ናት፣ አንዴ ጎረስ የምትደረግ። ይቺን የምታህል ነበረች እኮ የጎደለችው።