በማስመሪያ የተሰረዘ ስም

የመሥሪያ ቤት ሰው አልወድም፤ አልደብቅም። በተለይ ባለጉዳይ ከፊቱ ቆሞ ሰዓቱን የሚያይ፣ ብዕሩን ከኪሱ ለማውጣት እንኳ የሰው ነፍስ የሚያስወጣ ዓይነቱን። በጦርነቱ ጊዜ ሀርጌሳ ውስጥ አንዱ ገጥሞኝ ነበር። በዚያ ሙቀት ክራባት ያስራል። ሰው ሁሉ ቤቱ ፈርሶ ጣሪያ ፍለጋ ሲንከራተት እሱ ክራባት!

እኔ ያኔ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር የፈረሰ ቤት ግድግዳ እለስን ነበር። ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ ጦር ውስጥ የሕክምና ክፍል ሃምሳ አለቃ ነበርኩ። ጦሩ ሲበተን ሌላው ወደየቤቱ፣ እኔ በጅጅጋ በኩል እግሬ አውጪኝ። የስንብት ወረቀት የሰጠኝ የለም። ማን ይስጠኝ? ሰጪዎቹ ከእኔ ቀድመው ነው የሮጡት።

አንድ ማክሰኞ መሰላል ላይ ሆኜ ስለስን፣ ከታች "ሃምሳ አለቃ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። በዚያ ከተማ ማዕረጌን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ከነባልዲዬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። አሥራ አንድ ነበር።

አሥራ አንድ ስሙ አይደለም፣ የአልጋው ቁጥር ነው። የሀርጌሳ ታጋዮች የራሳቸውን መንግሥት ሲወጉ በነበረበት ዘመን እኛ ድንበር ውስጥ ካምፕ ነበራቸው። "ሂድና ድሬሰር አድርጋቸው" ተብዬ ታዘዝኩ። ሠላሳ ጎረምሳ። አራት ወር ሙሉ ደም ማቆም፣ የተሰበረ አጥንት ማሰር፣ ቁስል መስፋት አስተማርኳቸው። ስማቸውን ለመያዝ አልደከምኩም፤ በአልጋቸው ቁጥር እጠራቸው ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው አሥራ አንድ ነው። እጁ አይንቀጠቀጥም። አማርኛም የለመደው ከእኔ አፍ ስለሆነ ስድቡን አሳምሮ ያውቃል፤ አንቱታ የሚባል ነገር ግን አልደረሰውም።

ከመሰላሉ ስወርድ የስንብት ወረቀቱን ከሸሚዙ ኪስ አወጣ። መንግሥታቸውን ካሸነፉ በኋላ ለየታጋዩ የተሰጠ ነው። "ተኳሽ። የሕክምና ሥልጠና፦ አላጠናቀቀም" ይላል አለኝ።

"ምን? አንተ ነህ ያላጠናቀቅከው?"

"ወላሂ፣ እስካሁን ግድ አልሰጠኝም ነበር" አለ። "አሁን ግን አርብ ሊወስዱኝ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የትናንት ጓዶች ለሁለት ተከፍለው በአየር ማረፊያው በኩል እንደገና መተኳኮስ ጀምረዋል። የቀድሞ ታጋይ ሁሉ ተጠርቷል። ወረቀቱ ላይ ድሬሰር የተባለ ወደ ሆስፒታል፣ ተኳሽ የተባለ ወደ ምሽግ። የምሽጎቹ መኪና አርብ ከጁምዓ በኋላ ይነሳል።

"እና ፈራህ?" አልኩት፤ ሰው ማናደድ ልማዴ ነው።

"ማዶ ያሉት የእናቴ ወንድሞች ናቸው" አለኝ። "እነሱ ናቸው ያሳደጉኝ። እምቢ ብል የአባቴ ወገን ከሐዲ ይለኛል፣ እዚህ ከተማ ውስጥ መኖር አልችልም። ሆስፒታል ከሆነ ግን ማንም ምንም አይለኝም። አንተ ነህ ያስተማርከኝ፤ መጥተህ መስክርልኝ።"

"ለዚህ ነው እንዲህ የጠቆርከው? ነገ በአንድ ቃል አስተካክላታለሁ!" አልኩት። አቤት ጉራ!

ረቡዕ ጠዋት ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ወዳለው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ሁለት ክፍል ነው። ፊተኛው ክፍል ባለ ክራባቱ ጸሐፊ፣ ከውስጥ ደግሞ በሩን ከፍቶ ሻይ የሚጠጣ አለቃ። የሚፈርመው አለቃው ነው። ጸሐፊው ድሬዳዋ ያደገ ስለሆነ አማርኛው እንደ ውኃ ይፈሳል፤ ማንበብ ግን አይችልም፣ የገበያ አማርኛ ነው።

"አቦ፣ እኛ የገለበጥነው ከካምፑ ከመጣው መዝገብ ላይ ነው" አለ። "መዝገቡ አልጨረሰም ካለ አልጨረሰም።"

"መዝገቡን አንብበኸዋል?"

"በእናንተ ፊደል ነው የተጻፈው። ያኔ የሚያነብልን ሰው ነበር። ሳጥኑ አለ፣ ትንሽ ታገሠኝና ላስወጣው።"

ታገሠኝ ማለቱ አበሸቀኝ። ሰዓቱን ሲያይ ደግሞ ጭራሽ ደሜ ፈላ። አሥራ አንድ ክርኔን ነካ አደረገኝ። ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም ይባላል፤ የእኔ አፍ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ዝምብ ሲቀልብ የኖረ ነው።

"መዝገቡን የጻፈው አህያ ነው" አልኩ ሽንጤን ገትሬ። "ያነበበላችሁ የአህያ ውርንጭላ ነው። የገለበጥከው አንተ ደግሞ ምን እንደሆንክ አንገትህ ላይ ያሰሩልህ ገመድ ይናገራል።"

ጸሐፊው ብዕሩን ወደ ኪሱ መለሰ። "ሳጥኑን ዛሬ አልከፍትም" አለ ቀስ ብሎ። "ነገ ኑ፣ ኢንሻላህ።"

ከውስጥ ክፍል አለቃው ገና ሻዩን እየጠጣ ነበር። እኔ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። "ልኩን ነገርኩት!" አልኩት አሥራ አንድን። የእሱ ቤት 31 ሜይ የሚባል ሰፈር ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከፊት ከፊቴ ሄደ።

ሐሙስ ስንደርስ መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ጠበቀን። በካርቦን የተገለበጠ፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው ወረቀት ነው። ጸሐፊው ወደ እኔ ገፋ አደረገውና "አንብብልን" አለኝ።

ማንበብ አላስፈለገኝም። የጽሕፈቱን መልክ እንዳየሁ አወቅሁት። የእኔ ነው። ግርጌው ላይ ፊርማዬ ተጋድሟል። ኩም አልኩ።

ነገሩ ሁሉ መጣልኝ። በመጀመሪያው ቀን ስም ስመዘግብ እያንዳንዱ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ይነግረኝ ነበር፤ ልማዳቸው ነው፣ ያለ አያት ስም ሰው አይለይም። እኔ ደግሞ በሁለት ስም ካድሬም ጄኔራልም ሲሾም ያየሁ የደጋ ሰው ነኝ። "የአያት ስም ለርስት ክርክር ነው እንጂ ለፋሻ ምን ይሠራል?" ብዬ ከሁለተኛው ላይ እያቋረጥኩ ጻፍኩ። በራሳቸውም በአባታቸውም ስም አንድ የሆኑ ሁለት ልጆች ተከታትለው ሰፈሩ። አንደኛው በሁለተኛው ሳምንት ትምህርቱ ሰልችቶት ወደ ግንባር ሄደ። በመጨረሻው ቀን መኪናው ጥሩንባውን እየነፋብኝ ዝርዝሩን ሳጠናቅቅ፣ አንድ ስም ሁለት ጊዜ አየሁ። ሞኝ ሆኜ ደግሜ የጻፍኩ መሰለኝ። ከፊተኛው ጎን "ሳይጨርስ ሄደ" አልኩ፣ ሁለተኛውን በማስመሪያ ቀጥ አድርጌ ሰረዝኩ። በማስመሪያ! ሥራዬ ንጹሕ ነውና። የሰረዝኩት አሥራ አንድን ነበር፤ በስሙ የቀረው የዚያኛው ልጅ "ሳይጨርስ ሄደ" ብቻ ሆነ። ቁጥሩን እንጂ ስሙን መች አውቄው።

"እና?" አለ ጸሐፊው። "አህያው ማነው?"

ዓይኔን በጨው አጥቤ ልዋሽ እችል ነበር። ፊደሉን ከሁለቱ አንዳቸውም አያነቡትም፤ አሥራ አንድም ቢሆን የሚናገር እንጂ የሚያነብ አይደለም። ቀና ስል አሥራ አንድ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ጸሐፊው ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢስቅ ኖሮ እንደናቅሁት እኖር ነበር። አልሳቀም። አዲስ ፎርም አወጣና አሥራ አንድን ስሙን ከነአያቱ ጠየቀው፤ ጽፎ መልሶ አነበበለት፣ ትክክል መሆኑን ጠየቀው፣ እንደገና አነበበለት። እኔ በአራት ወር ያልጠየቅሁትን እሱ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀ። እኔን በምስክርነት አስፈረመኝና ፎርሙን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ።

ወዲያው ተመለሰ። "አለቃው ሄዷል። ሐሙስ እኮ ነው፣ ጫቱን ሊይዝ" አለ። "ማኅተሙም ኪሱ ውስጥ ነው። ትናንት ሙሉ ቀን እዚህ ነበር።"

የመጨረሻዋን ለክፋት አልተናገራትም።  አብረን የአለቃውን ቤት ፈለግን፤ ክራባቱን አውልቆ በዚያ ፀሐይ ሦስት ሰፈር አዞረን። አላገኘነውም።

አርብ መኪናው 31 ሜይ መጥቶ ቆመ። አሥራ አንድ ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ፤ ደረት ኪሱ በፋሻ አብጧል። "ቅዳሜ ወረቀትህን አወጣዋለሁ" አልኩት ከሥር ሆኜ። ሰው ወደ ምሽግ ሲሄድ የሚባል ነገር አጥቼ ነው። "እሺ፣ ሃምሳ አለቃ" አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት አለቃው ቀና እንኳ ሳይል፣ ሳያነብ ፈረመ። "ሥልጠና፦ አጠናቋል።" ወረቀቱን በሲሚንቶ ከረጢት ጠቅልዬ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከሁለት ወር በኋላ መጣ። ከስቷል። አሸዋው ክምር ላይ ተቀመጠ፤ እኔም ከመሰላሌ ወርጄ አጠገቡ ተቀመጥኩና ወረቀቱን ሰጠሁት። ጭኑ ላይ ዘርግቶ አየው።

"አጎቶችህስ?" አልኩት።

"ትንሹን አጎቴን አገኘሁት። ምሽጋቸውን ስንይዝ ወድቆ ነበር፣ ጭኑ ላይ ተመትቷል። እንዳስተማርከኝ ከቁስሉ በላይ አሰርኩለት። ደሙ ቆመ፣ ግን ብዙ ፈሶ ነበር። አወቀኝ። ከዚያ ሞተ።"

"ማን መታው?"

"ከእኛ ወገን ነው። ማን እንደሆነ አላውቅም" አለና እጆቹን አየ። "እኔም ተኩሻለሁ።"

የእጄን ሲሚንቶ አራገፍኩ።  እሱ ግን ወረቀቱን አጣጥፎ፣ "ይሄ ረቡዕ ቢፈረም ኖሮ ሆስፒታል እሆን ነበር፣ አይደል?" አለኝ። የሚያውቀውን ነው የጠየቀኝ።

"አዎ" አልኩት።

አልተቆጣኝም። በማግስቱ ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያም ዓመታት እዚያው ሠራ። ያን ዕለት ሊሄድ ሲነሳ ስሙን ጠየቅሁት፣ ሙሉውን፣ ከነአያቱ። የአያቱን ስም ሲጠራ ድምፁ ተሰበረ፤ የሞተው ትንሹ አጎቱ፣ የእናቱ ወገን ቢሆንም፣ በአጋጣሚ የዚያ አያቱ ሞክሼ ነበርና። ደግሞ እንዲነግረኝ አልጠየቅሁትም። አንድ ጊዜ ይበቃኛል፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።