አባባ የሰገደለት መስቀል

ልጅ እያለሁ፣ አራዳ ውስጥ ከጊዮርጊስ ትንሽ ወረድ ብሎ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» የሚለው አዳራሽ ነበር። ሲኒማ ማለታቸው ነው። እናቴ በዚያ ስታልፍ ነጠላዋን አፏ ላይ ሸፍና ታማትብ ነበር። እኔ ግን ከውስጥ የሚሰማው የፒያኖ ድምፅ ልቤን ይሰቅለው ነበር።

አባባ ኮርቻ ሰፊ ነበር። እሱም ቤታችንም ቆዳና ሰም ይሸቱ ነበር፤ ዛሬም ጫማ ሰፊ አጠገብ ሳልፍ ያ ሽታ ያስቆመኛል። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ የአዳራሹ ባለቤት፣ የአባባ ደንበኛ የሆነ ግሪክ፣ «ልጅህን ይዘህ ና» አለው። አባባ እናቴን ሳያማክር በኩታው ጠቅልሎ ወሰደኝ።

ፊልሙ ድምፅ አልነበረውም። አንድ አስተርጓሚ ዱላ ይዞ ከሸራው አጠገብ ቆሞ ይናገራል። «እነዚህ የፈረንጅ መነኮሳት ናቸው፤ እነዚያ ላባ የሰኩት ደግሞ የአገሩ ባለቤቶች። ሃይማኖት ሊሰብኩላቸው ነው የመጡት» አለን። ወታደሮች ሰዎቹን እየነዱ ወንዝ ዳር አሰለፏቸው። አንድ ትንሽ ልጅ እውሃው ውስጥ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው መነኩሴ መስቀሉን ከፍ ሲያደርግ አባባ ብድግ አለ። ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን ኩታውን አደግድጎ መሬት ድረስ ሰገደ። አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ቀና ሲል ፊቱ በእንባ ርሷል። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ በጣም ፈራሁ።

የአራዳ ወሬ መቼም ክንፍ አለው። በነጋታው የነፍስ አባታችን ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«ለካቶሊክ መስቀል፣ ያውም ሰይጣን ቤት ውስጥ ሰገድህ?»

«አባ፣ እኔም የተጠመቅሁት እንደዚያ ነው» አላቸው። «የንጉሡ ዘማች አገራችንን ሊያስገብር ሲመጣ ልጅ ነበርኩ። ወንዝ ዳር አሰለፉንና ከዋርካው ወዲህ የቆምነውን ሁሉ ወልደ ማርያም አሉን። አባቴ ባወጣልኝ ስም ከዚያ ወዲህ የጠራኝ የለም። ብርድ ሲያንቀጠቅጠኝ መስቀል የያዙት ቄስ ጋቢያቸውን አለበሱኝ። ትናንት እሳቸውን ያየሁ መሰለኝ።»

«ያየኸው ሰይጣን ነው። ሰይጣን አሳተኝ በልና ንስሐ ግባ።»

«እሳቸውንስ ሰይጣን አልላቸውም፣ አባ።»

ሌላ ነገር ቢጠይቁት ኖሮ እሺ ይል ነበር፤ አባባ ትሑት ሰው ነበር። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ሳያሳልሙት ወጡ። ከዚያ ወዲያ ሰው ቤታችን መምጣት ተወ፤ ጓደኞቼም ከእኔ ጋር እንዳይጫወቱ ተከለከሉ።

ክረምት ሲገባ ተስቦ ያዘው። እናቴ ከነፍስ አባታችን እግር ላይ ወድቃ ብትለምንም ፍትሐት አይገባውም ተባለ። ደወል አልተደወለለትም። የተቀበረው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው ቆዳ የሚያቀርብለት የወሎው ጋሽ ይማም ነበር። ዝናቡ ጉድጓዱን ውሃ ሲሞላው በጣሳ እየቀዳ ያወጣ ነበር። እናቴ አባባን በዚያችው ኩታ ጠቀለለችው። ሽማግሌዎች «አሟሟቴን አሳምረው» ብለው ሲጸልዩ በሰማሁ ቁጥር ያቺ ጣሳ ትመጣብኛለች።

ባለፈው ትንሣኤ ልጄ ቤት ተሰብስበን ጾም እንገድፍ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ጳጳስ ለቡራኬ መስቀላቸውን ከፍ ሲያደርጉ የልጄ የነፍስ አባት ጉርሻቸውን ትተው ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቴሌቪዥኑ ሰገዱ። ልጄም የልጅ ልጆቼም ተከትለው ሰገዱ። የሳቀም ያወገዘም የለም። እንዲህ ቀላል ነበር ለካ! ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም። ቄሱ ዞር ብለው አዩኝ።

«እማዬን ጉልበቷን ስለሚያማት ነው፣ አባ» አለች ልጄ አፈር ብላ።

«አዎ፣ ያመኛል» አልኳቸው።