ልጓም የገባላት ድመት

ዛሬ ጠዋት እንጅባራ ላይ ድመት በገመድ ስጎትት ታየሁ።

ከጫግኒ ወደዚህ ከመጣን ገና ሳምንታችን ነው። ድመታችን ከቤት ወጥታ አታውቅም። ሰፈሩን ሳትለምድ ካመለጠች አትገኝም ብዬ፣ የፈረስ ኮርቻ የሚሠራ ሰው ዘንድ ሄጄ በደረቷ የሚታሰር ጠፍር አሠራሁላት።

ከበር እንደወጣን ጭቃው ላይ ተኛች። ብጎትታትም አልነሳም አለች።

ሽማግሌው ጎረቤታችን በፈረስ ሲያልፉ ቆም አሉ። «ልጓሙንስ አግብተህላታል። ኮርቻዋ የታል?»

«መጀመሪያ ትገራ ብዬ ነው፣ አባባ።» አልኳቸው።

ፈረሱ ሲያሽካካ ከጠፍሩ ሾልካ ተፈተለከች። ባዶ ገመድ ይዤ ሰፈሩን ሁሉ ዞርኩ።

ደክሞኝ ስመለስ ከነጭቃዋ አልጋዬ ላይ ተኝታለች። አዲሱን ቤት ከእኔ ቀድማ ለምዳዋለች።

ቤት ስትቀይሩ የእናንተዎቹ ምን አደረጉ?