የሽማግሌው ካብ

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ የሳይቱ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ያን ዓመት ድርጅታችን የአካባቢ ጥበቃ መመሪያ አወጣ፤ ማስፈጸሙ በእኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ ወረቀት ሲሰጠኝ ልቤ የሚያብጥ ሰው ነኝ። መመሪያውን በላስቲክ ሸፍኜ ቢሮዬ በር ላይ ለጠፍኩና ገና በመጀመሪያው ቀን እሳቱን ከለከልኩ።

እሳቱ ሠራተኞቹ በየጠዋቱ ቁርጥራጭ ጣውላና የሲሚንቶ ከረጢት እያነደዱ የሚሞቁት ነው። ጭሱ ያስላል፤ ቁራጩም ለሌላ ሥራ ይሆን ነበር። ትክክል ነበርኩ። ግን ወሩ ጥቅምት ነው፤ በርሜል ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት በረዶ ለብሶ ይገኛል።

ከሁሉም የተጎዱት ሽማግሌው ግንበኛችን ናቸው። የአንኮበር ሰው ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬን ስጀምር ድንጋይ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። "የተኛበትን ጎኑን ፈልጊ፤ ድንጋይም እንደ ሰው በለመደው ጎኑ ነው የሚያርፈው" ይሉኝ ነበር። አሁን ጣታቸው እየደነዘዘ መዶሻው ያመልጣቸው ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ ዕቃቸውን በማዳበሪያ ጠቅልለው ቢሮዬ መጡ።

"ልጄ፣ እኔ ልሂድ። እጄ እምቢ አለኝ።"

"ጓንት አመጣልዎታለሁ፣ አባባ።"

"በጓንት ድንጋይ አይዳበስም። ደግሞስ እሳቱ የእጅ ብቻ መሰለሽ? ሥራ የምንከፋፈለው እዚያ ነበር። ማን ምን እንደጎደለው፣ የማን ልጅ እንደታመመ የምንሰማው እዚያ ነበር። አሁን ሁሉም በር ላይ ያለውን ወረቀትሽን አይቶ 'እሺ' ይላል፤ የራሱን ይሠራል።"

እውነታቸውን ነው። እሳቱን ከከለከልኩ ወዲህ አናጢዎቹ ቁራጭ እያለ አዲስ ጣውላ ይቆርጡ ነበር፤ የቱ ቁራጭ የት እንዳለ የሚነጋገሩበት ቦታ ስላልነበረ። ጣውላ አድናለሁ ብዬ ጣውላ ጨረስኩ። ሳይቸግረኝ ጤፍ ተበድሬያለሁ።

"እባክዎ አይሂዱብኝ" አልኳቸው። ኃላፊነቴ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ፣ እንባዬ መጣ። "እሳቱን ግን መመለስ አልችልም።"

ውጭ የተከመረውን ድንጋይ አዩ።

"በእኛ አገር እንጨት ያጣ ሰው ምን ያደርጋል? ካብ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል" አሉኝ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ለግንብ የመጣውን ድንጋይ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ በግማሽ ክብ ካቡት። ጀርባው ለነፋሱ፣ ፊቱ ለፀሐይ መውጫ። እኔም የሥራ መግቢያውን ሰዓት ፀሐዩ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ገፋሁት። ጠዋት ሁላችንም ካቡን ተደግፈን ተቀመጥን። ወረቀቴን ታቅፌ "ትናንት ምን ባከነ?" አልኩ። አንዱ አናጢ ስለ ጣውላው ተናዘዘ። ሲሚንቶ የምታቦካው ሴት ሌሊቱን ሲያፈስ ስላደረው ቧንቧ ነገረችን። ሽማግሌው እጃቸውን በፀሐይ ዘርግተው ሥራ ያከፋፍላሉ። መመሪያው ከቢሮዬ በር ላይ ወርዶ ሰው ውስጥ የገባው በዚያ ካብ ሥር ነው።

ድንጋዩ ግን የሕንፃው ነበር። ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር ካባችን ዝቅ አለ። ሥራው ሲያልቅ አንድ ድንጋይ ብቻ ቀረ፤ እሳቸው ተቀምጠውበታል።

"ይቺስ፣ አባባ?"

"ቦታ አጣሁላት" አሉ፤ በዕድሜያቸው ለአንድ ድንጋይ ቦታ አጥተው የማያውቁት ሰውዬ።

ሕንፃውን ሳስረክብ የምሞላው የመጨረሻው ቅጽ 'በግቢው የቀረ ቁሳቁስ' ይላል። ከወረቀት ጋር ተጣልቼ የማላውቀው እኔ 'የለም' ብዬ ፈረምኩ።

ዛሬ መዶሻ አይዙም። ለሕክምና ከአንኮበር በመጡ ቁጥር ከቤተ መጻሕፍቱ ግቢ ይደውሉልኛል፤ "ልጄ፣ ፀሐዩ ደርሷል፤ ነይ" ይሉኛል። እሄዳለሁ። ድንጋዩ የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው፤ እሳቸው ግን ጠጋ ይሉልኛል።