የአብዱ ልብ

ያ ቀን ያስወጣኝ ሁለት አጫጭር ውሸት ነው፤ ያኔ ርካሽ መስሎኝ ነበር።

ትናንት ሐኪም የልቤን ምት በወረቀት ሲያወጣ ታናሽ ወንድሜ አብዱ ትዝ አለኝ። ከልደቱ ጀምሮ ዐይኑ ጠበብ፣ ጣቱ አጠር ያለ፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ያገኘውን ሁሉ የሚያቅፍ ልጅ ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ የልቡን ምት በወረቀት አውጥቶ አየና፣ «እንዲህ ሆነው የሚወለዱት ብዙ ጊዜ ልባቸውም ይታመማል። የእሱም ልክ አይመታም። ምንህ ነው?» አለኝ።

ተከትለውን የመጡ ጓደኞቼ በሩ ላይ በአብዱ ይንከተከታሉ። «የጎረቤት ልጅ» አልኩ።

«እንግዲያው እናቱን ይዘህ ና፤ የቀረውን ለጎረቤት አልናገርም።»

እናቴን ብወስዳት ጉዴ ሊወጣ ነው። ቤት ስገባ «ሐኪሙ ምን አለ፣ ልጄ?» ብትለኝ፣ «ደህና ነው» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ አብዱን ሳመችው።

አብዱ ክረምቱን አልጨረሰም። እናቴ ሁለት ልጅ ነበራት፤ አንድ ቀረላት።